«አባቱ ዝም በል ይለዋል፣ ልጄ ዝም አልልም ይላል»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ነው። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊዋ በሰሜን ኢትዮጵያ የምትኖር እናት ናት። የከተማዋን ስም እንዳላነሳ አደራ ብላኛለች።

«አሰላሙ ዓለይኩም። በከተማችን እኛ ሙስሊሞች ጥቂት ነን። በ2014 ዓ.ም. የጎንደሩ ነገር ሲፈጠር እዚያ ያለው ወንድሜ ሱቁ ተዘረፈ። ልጄ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነው። ዘንድሮ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሶላቱን ማጥበቁ፣ ቁርኣን መቅራቱ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ከስልኩ ጋር ማደር ጀመረ። ጎረቤታችንን ሰላም ማለት ተወ። ይቺ ሴት ክርስቲያን ናት። እኔን አራስ ሆኜ አጥሚት ያጠጣችኝ፣ እሱን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ባሏ ሞተ። ልጄ ለቅሶ እንዳልሄድ ተቆጣኝ። የምርጫ ካርድ ማውጣት ኩፍር (ክህደት) ነው ይላል። ዓለማዊ መንግሥት ማለት አላህን መካድ ነው ይላል። የሰፈራችንን ሼህ ‹የመንግሥት ሼህ› ይላቸዋል። አንድ ቀን አባቱን ‹ሙናፊቅ› (አስመሳይ አማኝ) አለው። አባቱ በጥፊ መታው። አሁን ‹ለፖሊስ እሰጠዋለሁ› እያለ ነው። ‹እኛ አንገታችንን ደፍተን ነው የኖርነው፣ ዝም በል› ይለዋል። ልጁ ደግሞ ‹አንገታችሁን ስለደፋችሁ ነው የሚረግጧችሁ› ይላል። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ፣ ስለደረሰብን ነገር የሚናገረው ውሸት አይደለም። ታዲያ ምን ብዬ ልመልስለት? ለፖሊስ መንገሩስ?»

ወዓለይኩሙ ሰላም፣ እህቴ። አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልቤን የነካው የመጨረሻው ነው። «የሚናገረው ውሸት አይደለም» ብለሻል። ብዙ ወላጅ ይህን ለመናገር አይደፍርም። እኔም ከዚያው ልነሳ።

ልጅሽ ቁስል አለበት። ለዚያ ቁስል ደግሞ አንድ ሰው በስልኩ በኩል መድኃኒት ብሎ መርዝ ሰጥቶታል። አባቱ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ዝም በል» ይለዋል። ልጁ ቁስሌን ካዱኝ ይላል። ቁስሉን የሚያምንለት ስልኩ ብቻ ሲሆን ስልኩን ይሰማል። ስለዚህ መርዙን ከመንካትሽ በፊት ቁስሉን እመኚለት። ሳትሸፋፍኚ።

አዎ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሰዎች ትልቅ ሼህ ሊቀብሩ ወጥተው በቀብር ቦታ ተገደሉ። ረመዳን ነበር። ከ20 በላይ ሰው ሞተ። አዎ፣ በ2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል፣ የሙስሊም ሱቆች ወድመዋል። አዎ፣ በ2017 ዓ.ም. አክሱም ላይ ልጃገረዶች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ቤት ተከልክለው የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊያመልጣቸው ነበር። ይህን ሁሉ ከአንቺ አፍ ይስማው። «እናቴ የሆነውን ታውቃለች፣ እሷንም ያማታል» ብሎ ይወቅ። ይህ ብቻውን ከስልኩ ጋር ያለውን ውል ትንሽ ያላላዋል።

አባቱን ግን አትኮንኚው። እሱ ፈሪ ሆኖ አይደለም። አንገት መድፋትን ከአባቱ ወርሶ ነው። እኔ ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ደሴ ተወልጄ መርካቶ ነው ያደግኩት። ልጅ ሳለሁ አገራችን «የክርስቲያን ደሴት» ትባል ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ያጸና ነበር። ንጉሡም የዚያው እምነት ተከታይ መሆን ነበረበት። እኛ ደግሞ በመንግሥት አፍ ስንጠራ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበርን። ቃሉን ልብ በይው። «የሚኖሩ»። እንደ ተከራይ። አያቶቻችን የተቀበሩበት አገር ላይ፣ ከነቢዩ ዘመን ጀምሮ ሶላት የተሰገደበት አገር ላይ፣ እንደ ተከራይ። አባቱ የሚለው «ዝም በል» ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

አሁን ልጅሽ ስላላወቀው ነገር ልንገርሽ። ልጅሽ ዓለማዊ መንግሥትን አሜሪካ ወይም ፈረንሳይ የጫኑብን ዕቃ አድርጎ ነው የሚያየው። እዚህ አገር ግን መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ ብለው በእግራቸው አደባባይ የወጡት ሙስሊም አባቶቹ ናቸው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ በጠዋት ነጭ ጀለቢያውን ለበሰ፣ ሻሹን ጠመጠመ። እናቴ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «ይተኩሱባችኋል» አለችው። «ቢተኩሱም ቆመን ነው» ብሏት ወጣ። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ላይ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ተሰለፈ። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ከክርስቲያኑም አብሮ የወጣ ብዙ ነበር። አባቴ ማታ ሲመለስ ደጋግሞ ያወራን ስለዚያ ነው። አጠገቡ አንድ የማያውቀው ማዕተብ ያሰረ ልጅ ክንዱን ይዞት እንደሄደ።

ምን ጠየቁ? ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ አሉ። በዓላችን ይከበር አሉ። ተደራጅተን መሪዎቻችንን እንምረጥ አሉ። በመንግሥት ሥራ ለኛም በሩ ይከፈት አሉ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» አትበሉን፣ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን አሉ። ማንንም አላሳደዱም፣ የማንንም ቤተ ክርስቲያን አልነኩም። አንገታቸውንም አልደፉም።

ይህን ታሪክ ለልጅሽ ንገሪው፣ እህቴ። ለባልሽም ንገሪው። አባትና ልጅ የተጣሉት ለመድረስ ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ስለመሰላቸው ነው። ወይ ዝም ማለት፣ ወይ ሌላውን ሁሉ ካፊር (ከሃዲ) ማለት። አባቶቻችን ግን ሌላ መንገድ ሄደዋል። የሄዱበትም ፍሬ አለው። ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ። ልጅሽ ዛሬ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት የሚዘጋለት በዚያ ቅዳሜ ምክንያት ነው።

ከዚያ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መጣ። አጭር ነው። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። ልጅሽ «ይህ አላህን መካድ ነው» ይልሻል። በል አንብበው በይው። የት ላይ ነው አትስገድ የሚለው? የት ላይ ነው ሸሪዓን ተው የሚለው? ያው ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት ተስማምተው የቤተሰብ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲዳኙ ፈቅዷል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የፌዴራል አዋጅ አላቸው። በጀታቸውም ከመንግሥት ነው። አንቀጽ 11 የሚከለክለው አንዱ እምነት ዙፋን ላይ ወጥቶ ሌላውን ቁልቁል እንዳያይ ነው። በየከተማው ጥቂት ለሆንን ለኛ ከዚህ የተሻለ ጥላ የት አለ?

ዙፋንና ሃይማኖት ሲጣበቁ ምን እንደሚሆን እኛ ወሎዬዎች ከአያቶቻችን ሰምተናል። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ብለው አዘዙ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ የኖረው ሰው ብዙ ነበር። እምነቱን ይዞ አገር ጥሎ የሄደም ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በኢማም አህመድ ዘመን በተራው ክርስቲያኑ ነው በሰይፍ የተገደደው። ልጅሽ የሚመኘው መንግሥት ይህንኑ ነው፣ ባለቤቱ ብቻ ተቀይሮ። ቁርኣኑ ግን «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» ይላል። በቀራ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። እሱም ያውቃታል።

ዲኑን አንስቶ ከተከራከረሽ ደግሞ ወደ ነቢዩ ባልደረባ ወደ ጃዕፈር ታሪክ ውሰጂው። መካ ላይ ስደቱ ሲበዛ ነቢዩ፣ ሰላም በሳቸው ላይ ይሁንና፣ ባልደረቦቻቸውን ወዴት ላኩ? ወደኛው አገር። ወደ ክርስቲያን ንጉሥ። «እርሱ ዘንድ ማንም አይበደልም» ብለው። መስፈርታቸው ፍትሕ ነበር። ጃዕፈር ቢን አቢጧሊብ ነጃሺ ፊት ቆሞ አንገቱን አልደፋም። ለንጉሡ አልሰግድም አለ። ስለ ኢሳ ሲጠየቅ የሚያምነውን ተናገረ፣ ሱረቱ መርየምን ቀራ። ግን በሰው አገር ማንንም አልሰደበም፣ ፍትሕ ጠየቀ እንጂ። አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቹ የስልክ ኡስታዞች አይነግሩትም። ነቢዩ መዲና ገብተው አስተዳደር ካቆሙ በኋላ እንኳ ጃዕፈር ስድስት ዓመት ያህል እዚሁ ሐበሻ ቆይቷል። የተመለሰው በሂጅራ በ7ኛው ዓመት፣ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ ነው። ሙስሊም ባልሆነ መንግሥት ሥር መኖር ኩፍር ቢሆን ኖሮ ነቢዩ ስድስት ዓመት ዝም ይሉት ነበር? ልጅሽ «ነጃሺ ሰልሟል» ይልሽ ይሆናል። እሺ በይው። መንግሥቱና ሕዝቡ ግን አልሰለመም። ሕጉም አልተቀየረም።

«ሑክም (ፍርድ) የአላህ ብቻ ነው» የሚለውን ቃል ከልጅሽ አፍ ሰምተሽ ይሆናል። ቃሉ እውነት ነው። ይህንኑ ቃል ግን መጀመሪያ መፈክር ያደረጉት ኸዋሪጆች የሚባሉት የጥንት አማፂዎች ናቸው። ዓሊን፣ የነቢዩን የአጎት ልጅና አማች፣ በሽምግልና ሰው እንዲዳኝ ስለፈቀደ ካፊር አሉት። ዓሊ ሲመልስ «እውነተኛ ቃል ነው፣ ሐሰት ግን ተፈልጎበታል» አለ። በመጨረሻም በረመዳን፣ ኩፋ መስጊድ ላይ ገደሉት። ሙስሊምን ካፊር ማለት እዚያ ነው የሚያደርሰው። ከአባቱ ይጀምራል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ልጅሽ «አንቀጽ 11 ወረቀት ነው፣ መንግሥት ራሱ ጥሶታል» ካለሽ እውነቱን ነው። አትከራከሪው። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መንግሥት አሕባሽ የሚባለውን አስተምህሮ በመጅሊሱ (በሙስሊሞች ጠቅላይ ምክር ቤት) በኩል በሥልጠና ሊያስገባ ሞከረ። አወሊያ ትምህርት ቤት ላይ መምህራን ተባረሩ። ሕዝቡ በየጁምዓው መስጊድ ግቢ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ ተነሳ። እኔም አንዋር መስጊድ ግቢ ቆሜያለሁ። አንድ ጁምዓ ነጭ ወረቀት አነሳን። ሌላ ጊዜ ቢጫ። የጠየቅነው ይኸው አንቀጽ 11 ይከበር ነው። መንግሥት እጁን ከሃይማኖታችን ያንሳ፣ መሪዎቻችንን እኛ እንምረጥ አልን። አስቢው፣ እህቴ። ዓለማዊ ነኝ የሚለው መንግሥት ዓለማዊነቱን ጣለ፣ «አክራሪ» የተባልነው እኛ ያዝንለት። ሐምሌ 2004 ላይ ሕዝቡ ጥያቄውን እንዲያቀርቡለት የወከላቸው የኮሚቴው አባላት ታሰሩ። በፀረ ሽብር ሕግ ተከሰሱ። በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

ያ ፍርድ ዛሬም ያንገበግበኛል። በሰላም የጠየቀን ሰው አሸባሪ ማለት ለእውነተኛው ፅንፈኛ ትልቁ ስጦታ ነው። «አያችሁ፣ በሰላም ብትጠይቁም ያስሯችኋል» ይላል። ልጅሽን የያዙትም ይህን እያሉ ነው የያዙት። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አይነግሩትም። እስረኞቹ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ተፈቱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቡበክር አህመድ 22 ዓመት ከተፈረደባቸው መካከል ነበሩ። ከእስር ወጥተው በመጅሊሱ ለውጥ ውስጥ ከሌሎች ጋር ቁጭ ብለው ሠሩ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ቤተ ክርስቲያን ይህን መብት ያገኘችው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ልክ 60 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ዘግይቷል፣ አዎ። ግን መጣ፣ ያመጡትም በነጭ ወረቀት የጠየቁት ናቸው። የአክሱም ልጆችም ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ ታዟል። መቀሌ ላይም ሰው ለእነሱ ሰልፍ ወጥቷል። ቦንብ የጣለ ሰው ለነዚያ ልጆች የፈተና ወረቀት አያመጣላቸውም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በትዕግሥት አስረጂው፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ልቡን የሚያራራው ይህ ይመስለኛል። ጥቂት መሆን የቦታ ጉዳይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ በአገር ደረጃ ከሦስት ሰው አንዱ ሙስሊም ነው። በአማራ ክልል 17 በመቶ ገደማ ነን። በትግራይ 4 በመቶ ነን። ሶማሌ ክልል ሂጂ፣ ሁሉም ሙስሊም ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ጥቂቱ ክርስቲያኑ ነው። የጎንደሩ ነገር በሆነ በሁለትና በሦስት ቀኑ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ ማንን ገደለ? በ2003 ዓ.ም. ጅማ አካባቢ፣ አሰንዳቦ ላይ ቁርኣን ተዋረደ ተባለና ከ50 በላይ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቀለ። ያንን ያደረገው እንደ ልጅሽ የተቆጣ ወጣት ነው። እዚያ ስትበደዪ አልቃሽ፣ እዚህ ስትበድዪ ጀግና መሆን አይቻልም። አንቺ ከተማ ላይ ለሙስሊሙ የምንጠይቀውን ጥበቃ ወራቤ ላይ ለክርስቲያኑ ካልጠየቅን፣ የምንጠይቀው ፍትሕ ሳይሆን ተራ ነው።

ሊቢያንም አስታውሺው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይሲስ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በክርስትናቸው ብቻ አርዶና ተኩሶ ገደለ። በዚያ ሳምንት ሰፈሬ ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን ለቅሶ የሚባል አልነበረም። አንድ ድንኳን ነው የተቀመጥነው። ሞቃዲሾ ላይ ደግሞ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ፅንፈኞች ባፈነዱት አንድ የጭነት መኪና ቦንብ ከ500 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ክርስቲያን ስንት ይገኛል? ሁሉም ማለት ይቻላል ሙስሊም ነው። እናቶች ልጆቻቸውን በጫማቸው ነው የለዩት ሲባል ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

እንግዲህ ስለ ፖሊስ። ባልሽ አሁን እንዲሄድ አልመክርም። ልጁ እስካሁን ያደረገው መናገር ነው። መናገር፣ መኮረፍ፣ አባትን መስደብ። ይህ ያስለቅሳል እንጂ ለፖሊስ የሚያደርስ አይደለም። የዲን መጥበቅም በራሱ አደጋ አይደለም። ጺሙን ቢያሳድግ፣ ሱሪውን ቢያሳጥር፣ የቡና ላይ ዱዓችሁን «ቢድዓ (በዲን የሌለ ፈጠራ) ነው» ቢል አትደንግጪ። ብዙ ልጅ በዚያ በኩል አልፎ ጥሩ ሰው ሆኗል። ለፖሊስ ከሰጠሽው ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ማን አጠገቡ እንደሚተኛ አታውቂም። በአባቱ እጅ መታሰሩንም ዕድሜ ልኩን አይረሳም።

ይህ ግን ወሰን አለው። የማታውቂው ሰው ገንዘብ ከላከለት፣ ከትምህርቱ ጠፍቶ ስለ ጉዞ ማውራት ከጀመረ፣ በድንገት ሁሉንም «አፉ በሉኝ» ብሎ ንብረቱን ማደል ከጀመረ፣ የሰውን ደም ሐላል ነው ካለ፣ ስለ መሣሪያ ካነሳ፣ አንዲት ቀን አትጠብቂ። ያኔ ለመጅሊሱም፣ ለሕግም መንገር የሰው ነፍስ ማዳን ነው። የሱንም ነፍስ። ስልኩን በድብቅ አትበርብሪ። ከያዘሽ ሁሉም በር ይዘጋል። ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ «አንተ የምትሰማውን እኔም ላዳምጥ» በይው። አብራችሁ ስሙ። መሀል ላይ «ይህ ሰውዬ ማነው? የት ነው የቀራው? ልጆቹስ የት ነው የሚማሩት?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙዎቹ የሌላውን ልጅ ለሞት እየጠሩ የራሳቸውን ልጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ።

የሰፈራችሁን ሼህ አሁን አትላኪበት። አንዴ «የመንግሥት ሼህ» ካላቸው አይሰማቸውም። የሚያከብረውን ፈልጊ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ መንግሥትንም ሳይፈሩ የሚተቹ፣ ዲኑንም በደንብ የቀሩ ሰዎች አይጠፉም። እንዲህ ያለ ሰው «ቁጣህ ልክ ነው፣ መንገድህ ግን አይደለም» ሲለው ይሰማል። ወንድምሽንም አስቢው። ሱቁ የተዘረፈው እሱ ነው። ልጁ የሚቆጣው በሱ ስም ነው። ወንድምሽ ካሳ ጠይቆ ያውቃል? ማመልከቻ ጽፏል? የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ማመልከቻ መጻፍ፣ ደረሰኝ መሰብሰብ፣ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ይችላል። ቁጣው ሥራ ያግኝ። ከአጎቱ ጋር አንድ ወር ቢመላለስ ስንት ቢሮ እንደሚያስመርረው አውቃለሁ። ግን እየተማረረ የሚጠይቅ ሰው ዜጋ ነው። ምናልባትም እግረ መንገዱን፣ በዚያ ሌሊት ሙስሊም ጎረቤቱን ቤቱ ደብቆ ያሳደረ ክርስቲያን ካለ አጎቱ ያወራለታል።

የምርጫ ካርዱን ነገር ለጊዜው ተዪው። ዘንድሮ ባይመርጥ ሰማይ አይወድቅም። ዝርዝሩ ላይ ከመድረቅ ዋናውን ይዘሽ ቆዪ።

ለባልሽ ደግሞ እንዲህ በይልኝ። ጥፊው ስህተት ነበር። ሄዶ ልጁን አፉ በለኝ ይበለው። ከበደው ይሆናል፣ ይክበደው። ከዚያ እሱም ያላወራውን ያውራ። በሕይወቱ አንገቱን የደፋበትን ቀን። በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በቀበሌ። ምን እንዳለው፣ ለምን ዝም እንዳለ። ልጅሽ አባቱን ሙናፊቅ ያለው ታሪኩን ስላላወቀ ነው። እኔ አባቴን የማከብረው በዚያ ቅዳሜ ስለወጣ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ምን ውጦ እንደኖረ በኋላ ስለነገረኝ ነው።

ለቅሶውን በተመለከተ፣ ሂጂ። ዛሬውኑ ሂጂ። ሟቹ ባሏ ነው፣ እሷ ደግሞ አራስ ቤትሽ የገባች ሴት ናት። ነቢዩ የአይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነሥተው ቆመዋል። «አይሁዳዊ እኮ ነው» ሲባሉ «ነፍስ አይደለችምን?» ብለዋል። ሐዲሱ ቡኻሪ ውስጥ አለ። ልጅሽ ራሱ ስልኩ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ፈልግ በይው። አብሮሽ እንዲሄድ ግን አታስገድጂው። ነጠላሽን ለብሰሽ በር ላይ ስትደርሺ «እማማ ያንተን ስም ጠርታ እንደምትጠይቀኝ ታውቃለህ፣ ምን ልበላት?» በይውና መልሱን ሳትጠብቂ ውጪ። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።